አጥፊ የሌለው ጨለማ

አማርኛችን ስለ መብራት ሲያወራ ልዩ ሰዋስው አለው። «መብራት ሄደ» እንላለን። «መጣ» እንላለን። ሲብስብንም «ጠፋ» እንላለን። የሚሄደውም፣ የሚመጣውም፣ የሚጠፋውም መብራቱ ራሱ ነው፤ ልክ እንደ አኩራፊ እንግዳ። ሲሻው ገብቶ ይቀመጣል፣ ሲሻው ነጠላውን አንስቶ ውልቅ ይላል። ተመልሶ ብቅ ያለ እንደሆነም ሕፃናቱ ከየግቢው በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ይጮሃሉ። «አመጡት!» ብሎ የጮኸ ሕፃን ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን የማደርቅበት አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ «የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ማነው?» «ባለቤት» ጥሩ ቃል ነው። በሰዋስው ድርጊቱን የፈጸመው ነው፤ በሰፈር ቋንቋ ደግሞ ንብረቱ የሱ የሆነ፣ ነገር ሲበላሽም በሩ የሚንኳኳበት ሰው ነው። «መብራት ጠፋ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ባለቤት አለው ለማለት ያህል አለው፤ እሱም መብራቱ ነው። አንዲት «አ» ጨምረን «አጠፉ» ብንል ግን ነገር ይመጣል። በአማርኛ «አጠፋ» ማለት ማብሪያ ማጥፊያውን ተጫነ ማለትም ነው፣ በደለ ማለትም ነው። አጥፊ አምፖል የሚዘጋ ሰው ነው፤ አጥፊ ችሎት ፊት የሚቆም ሰውም ነው። እኛ ከሁለቱም ሸሽተን በ«ጠፋ» ተስማምተን እንኖራለን። ዛሬ የምጣላው ከዚህ ስምምነት ጋር ነው።

ነገሩን ከአበባ ልጀምር።

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ የወጣ ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ የወጣ ቡራዩን፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የወረደ ሱሉልታን ያገኛል። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር በሚባለው ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በነዚህ ከተሞች ዳርቻና ከነሱም አለፍ ብሎ፣ እስከ ተፍኪና ሆለታ ድረስ፣ ነጭ ፕላስቲክ የለበሱ የአበባ እርሻዎች አሉ። በ1990ዎቹ የተጀመረው ይህ ሥራ ኢትዮጵያን ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ አድርጓታል። የሚበዛው ምርት የሚሄደው ወደ ሆላንድ ነው።

በቀን ያለፈ ሰው ፕላስቲኩን ብቻ ነው የሚያየው። በሌሊት ያለፈ ሰው ግን ከነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ ከውስጥ ሲያበሩ ያያል። ውስጥ የሚሠራ ሰው የለም። ዘበኛውም ጥግ ይዞ ጋቢውን ተከናንቧል። መብራቱ የበራው ለአበባው ነው።

እንዴ! አበባ ማታ ምን ያነባል?

አያነብም፤ ይቆጥራል። ታሪኩ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1920 ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ስለ አንድ ግራ የገባ ትምባሆ ጻፉ። «ሜሪላንድ ማሞዝ» ይባላል። በበጋ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል እንጂ አያብብም፤ ክረምት ላይ በመስታወት ቤት ውስጥ ሲያቆዩት ግን ያብባል። ሰዎቹ ሙቀቱንም፣ ውሃውንም፣ አፈሩንም ጠረጠሩ። በመጨረሻ ሸክላ ማሰሮዎቹን ማታ ሳይመሽ ወደ ጨለማ ቤት እያስገቡ፣ ጧት አርፍደው እያወጡ ሞከሩት። ትምባሆው በበጋ አበበ። ለካ ተክሉ የቀኑን ርዝመት ይለካ ኖሯል! በ1938 ሃምነርና ቦነር የተባሉ ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ደግሞ ነገሩን ገለበጡት፦ ተክሉ ይበልጡን የሚቆጥረው ቀኑን ሳይሆን ሌሊቱን ነው። በሌሊቱ መሐል ለጥቂት ደቂቃ ብርሃን ቢበራበት፣ ሌሊቱ ለሁለት ተቆረጠበት ማለት ነውና ቆጠራው ይፈርሳል።

ከዚህ በኋላ ዕፀዋት በሦስት ጎራ ተከፈሉ። ረጅም ሌሊት ካላገኙ የማያብቡ አሉ፤ ክሪሳንተመም አንዱ ነው። በእኛ የወንጀል ሕግ የተከለከለው ዕፀ ፋርስም ከነዚሁ ነው፤ እንደ ካናዳ ባሉ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በፈቀዱ አገሮች በዝግ ቤት የሚያሳድጉት ሰዎች መጀመሪያ 18 ሰዓት ብርሃንና 6 ሰዓት ጨለማ ሰጥተው ያሳድጉታል፤ እንዲያብብ ሲፈልጉ 12 ለ12 ያደርጉታል። በጨለማው ሰዓት የበር ቀዳዳ ሳይቀር ይደፍናሉ። ተቃራኒ ጎራ ያሉት ደግሞ ቀኑ ካልረዘመላቸው የማያብቡ ናቸው፤ ለእቅፍ አበባ ማጀቢያ የሚሆነው ነጭ ጂፕሶፊላና ፍሬው የሚያምረው ሃይፐሪከም እዚህ ይመደባሉ። ጽጌረዳ ከሁለቱም የለችበትም፤ ቀኑ ረዘመ አጠረ ግድ አይሰጣትም።

አሁን የኛን ሰማይ አስቡት። ሰዓታችንን ከፀሐይ መውጫ ጀምረን 12 ለቀን፣ 12 ለሌሊት ብለን የምንቆጥረው በዘፈቀደ አይደለም፤ አገሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በዓመቱ ረጅም ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የሚገርመው ግን፣ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ የሆነው መጽሐፈ ሄኖክ ስለ ብርሃናት በሚተርክበት ክፍሉ ዕለቱን 18 እጅ ያደርገዋል፤ ቀኑ በጣም ሲረዝም 12 እጅ ለቀን፣ 6 እጅ ለሌሊት። በሰዓት ሲመነዘር 16 ለ8 ነው። ሊቃውንታችን ለዘመናት ሲገለብጡትና ሲያነቡት የኖሩት ይህ ቀን በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ታይቶ አያውቅም፤ ለማየት ወደ ሰሜን አውሮፓ መሄድ ያስፈልጋል። ወይም ደግሞ የአበባ እርሻ ውስጥ መግባት። ጂፕሶፊላው የሚፈልገው 16 ሰዓት ያህል ቀን ነውና፣ ገበሬው አምፖል ሰቅሎ የሄኖክን ቀን ፕላስቲክ ሥር ይሠራለታል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት የአበባ ትምህርት ለመስጠት አይደለም። አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ ነው፦ እዚያ ቤት ውስጥ ሰዓት ይከበራል። ማብሪያው ከሰዓት ቆጣሪ ጋር ተያይዟል። መስመሩ ቢቋረጥ ጄኔሬተር አለ። ለጥቂት ሌሊቶች ቢዘነጋ ጂፕሶፊላው መሬት ለመሬት ተኝቶ ይቀራል፤ ለመቁረጫ የተያዘው የክሪሳንተመም እናት ተክል ያለጊዜው እምቡጥ ያወጣል፤ አውሮፓ ላይ ለበዓል ቀን የተቀጠረው ጭነት ያልፈዋል። ስለዚህ የሚጠየቅ ሰው አለ። እዚያ ቤት ማንም «መብራት ሄደ» ብሎ አይገላገልም። «ማን አጠፋው? ስንት ሰዓት?» ነው የሚባለው። እዚያ ቤት ዐረፍተ ነገሩ ባለቤት አለው።

እንግዲህ ከፕላስቲኩ ወጣ እንበልና አጥር የሚዋሰነውን መንደር እንይ።

የቡራዩ፣ የሰበታና የሱሉልታ ነዋሪ ብዙው የአዲስ አበባ ኪራይ ያሳደደው ነው፤ ሌላው ሥራ ፍለጋ ከገጠር የመጣ ነው፤ ሌላው ደግሞ ራሱ ሳይንቀሳቀስ ከተማው መጥቶ የደረሰበት ገበሬ ነው። በዚህ መንደር አበባ ስትቆርጥ ወይም ክር ስትፈትል ውላ የምትገባ ሴት አስቡ። ብዙ ናቸው፤ የአበባ እርሻ ሠራተኛ ይበልጡን ሴት ነውና። ጀንበር ጠልቃ ስትገባ መብራት የለም። ሊጡ ቦክቷል። ምጣዱ የኤሌክትሪክ ነው። ትጠብቃለች። ልጆቿን ዳቦ አቅምሳ ታስተኛለች። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አምፖሉ ቦግ ይላል። ትነሳና ትጥዳለች። ያን ሰዓት ሰፈሩ በሙሉ ይጥዳል። አንድ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ መቶ ጎረቤት በአንዴ ሲጥድ ዕድሜ የጠገበው ትራንስፎርመር ያቃስታል፤ አንዳንዴም ጭሱን ተፍቶ ይሞታል። በነጋታው «ሄደ» ይባላል። 11 ሰዓት ላይ ደግሞ የአበባ እርሻው አውቶብስ ይመጣል።

ሌሊቱ መሐል ላይ በብርሃን የተቆረጠበት ተክል ቆጠራው እንደሚፈርስ ነግሬያችኋለሁ። የሷም ሌሊት ተቆርጧል። ልዩነቱ፣ የአበባውን ሌሊት የቆረጠው ሰው ለምን እንደቆረጠ፣ መቼ እንደቆረጠና ምን እንደሚያተርፍበት ያውቃል። የሷን ሌሊት የቆረጠው ማን ነው? ባለቤት የለውም።

ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን ይዞ ደንበኛውን ግማሽ ራስ ላይ ያቆማል። በያጁ የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ለቁጭታ ይከፍላል። እህል ያስፈጨ ሰው ስልቻውን ወፍጮ ቤት አሳድሮ ይመላለሳል። የጉድጓድ ውሃ የሚስበው ፓምፕ ስለሚቆም መብራትና ውሃ እንደ ባልና ሚስት ተያይዘው ይሄዳሉ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየት ያለበት ክትባት አለ፤ ነርሷ የማቀዝቀዣውን በር ላለመክፈት ትሳላለች። ተማሪው በሞባይሉ መብራት ያጠናል፤ ሞባይሉም ቻርጅ ይፈልጋል። ሰበታ የዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። መብራት በሌለባት ማታ ሰበታ ውስጥ ሳይቸገሩ የሚያነቡት፣ በጣታቸው የሚያነቡት የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች ብቻ ናቸው።

እዚያችው ሰበታ ደግሞ ከጅቡቲ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር መጨረሻ ጣቢያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው ይህ መስመር 750 ኪሎ ሜትር አልፎ ይሄዳል፤ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ ምሰሶዎችም በጓሮና በማሳ ላይ ያልፋሉ። ከምሰሶው ሥር ያለው ቤት ኩራዝ ያበራል። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ዓይነት ሰዎች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። በየተራ ልመልስላቸው።

የመጀመሪያው «ተው፣ አበባው ዶላር ነው» የሚለኝ ነው። ወዳጄ፣ አበባው ይጥፋ ያለህ ማነው? ሂሳቡን ካነሳህ አብረን እንየው። ለቆጠራ የሚበራው አምፖል ደካማ ብርሃን ነው የሚሰጠው፤ ተክሉን ለማታለል እንጂ ለማሳደግ አይደለም። ቁጠባ ያወቁ እርሻዎች በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ እያበሩ ያው ውጤት ያገኛሉ። ከዚያ ይልቅ ውሃ የሚስበው ፓምፕና የተቆረጠውን አበባ የሚያቆየው ቀዝቃዛ ክፍል ይበልጥ ይበላሉ። ስለዚህ «አበባው መብራታችንን ሰረቀን» የሚለው ወሬ ውሸት ነው። እኔ የምቀናው በአበባው ኪሎ ዋት አይደለም፤ በቀጠሮው ነው። ቀጠሮ ደግሞ ዶላር አይጠይቅም፤ ወረቀትና ሐቀኝነት ይበቃዋል።

ነገር ግን የዶላሩ ክርክር ወዴት እንደሚወስድ አይተናል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ኃይላችን በዶላር ለሚከፍሉ የቢትኮይን ኩባንያዎች ጭምር ይሸጣል። የነሱ ማሽን 24 ሰዓት ያጓራል፤ ለደቂቃ ቢቆም ገንዘብ ነው። ውላቸው ላይ ሰዓት ተጽፏል። በዶላር የሚከፍል ውል አለው፤ በብር የሚከፍል ትዕግሥት አለው። ይህ ደንብ በየትኛውም አዋጅ ላይ አልተጻፈም፤ በየሰፈሩ ግን ይሠራበታል።

ሁለተኛው ቁጡ ከወዲያ በኩል ነው። «እንግዲያው እርሻውንም ፋብሪካውንም ማንደድ ነው» የሚል። ይህም ተሞክሯል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን እነዚህን ከተሞች ሊጠቀልል ነው ተብሎ የተነሳው ተቃውሞ እውነተኛ ብሶት ነበረው፤ መሬቱ በማይረባ ካሳ የሄደበት ገበሬ ብሶት። በመስከረም 2009 ግን ሰበታ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን ጨምሮ ተቃጠለ። የዚያ እሳት ብርሃን ስንት ሌሊት በቃ? ለማንም ልጅ ደብተር አላበራም። በማግስቱ ሥራ ያጣችው ያቺው ሌሊት 8 ሰዓት የምትጋግረው ሴት ናት። ጨለማን በእሳት የሚከስ ሰው፣ ከሳሹ ራሱ አጥፊ ይሆንና መዝገቡ ይዘጋል።

ሦስተኛው ቁጡ ግን ከሁለቱም የሚከብደው ነው፤ ጨዋ ነው፣ ባለሙያ ነው፣ ቁጥር ይዟል። «ኃይል ስለሌለ ነው፤ ሲኖር ይስተካከላል» ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ። በ2001 ዓ.ም. አንድ ቀን እየበራ አንድ ቀን እየጠፋ የከረምንበት ጊዜ ነበር፤ ጊቤ 2 ሲያልቅ ይስተካከላል ተባልን። በጥር 2002 ጊቤ 2 ተመረቀና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዋሻው ተደረመሰ። በዚያው ዓመት ጣና በለስ መጣ። በ2009 ዓ.ም. 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ 3 ተመረቀ። በግንቦት 2011 ደግሞ የጊቤ 3 ውሃ አነሰ፣ 476 ሜጋ ዋት ጎደለን ተባለና አገሩ በሙሉ በፈረቃ ገባ። ወቅቱ የፈተና ሰሞን ነበር። ለፈረቃው ሰሌዳ ወጥቶለት ነበር፤ ይህን አልክድም። ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓትና ሰፈሩ ውስጥ ያለው ሰዓት ተገናኝተው ያውቃሉ የሚል ሰው ማግኘት ግን ይከብድ ነበር።

ከዚያ የካቲት 13 ቀን 2014 የዓባይ ግድብ የመጀመሪያው ተርባይን ዞረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት። ከየደመወዛችን ቦንድ የገዛንለት፣ ሊስትሮው ሳይቀር ሳንቲሙን ያዋጣለት ግድብ ነው። ኮርተናል፤ ኩራቱም ይገባናል። ነገር ግን የዓባይ ልጅ ውሃ ጠማው የሚለውን ተረት ያወጣው አባት ዛሬ ቢነሳ፣ ሌላ ተረት ለመፍጠር ቡራዩ አንድ ማታ ማደር ይበቃዋል። «ኃይል የለም» የሚለው ሰበብ ጊዜው አልፎበታልና ባለሙያው አሁን ሌላ ያመጣል፦ «ኃይልማ አለ፤ ችግሩ ማከፋፈያው ነው፣ ምሰሶው ነው፣ ትራንስፎርመሩ ነው።» እውነቱን ነው። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለዚህ እውነት ምቹ አደረጃጀት ተገኝቶለታል፤ የድሮው መብራት ኃይል ለሁለት ተከፍሎ አንዱ የሚያመነጭ፣ ሌላው ለቤታችን የሚሸጥ ሆኗል። አንዱ «እኔ አመንጭቻለሁ» ይላል፤ ሌላው «እኔ አልደረሰኝም» ይላል። ዐረፍተ ነገሩ ሁለት ባለቤት ሲኖረው፣ አንድም የለውም ማለት ነው።

ደግሞስ ማከፋፈያው አርጅቷል ማለት ቀጠሮ አይኖርም ማለት ነው? ብልሽት ቀጠሮ የለውም፤ እሺ። የጥገና ማቋረጥ ግን አለው። ጭነት ለመቀነስ ሆን ተብሎ የሚዘጋ መስመርም አለው፤ የሚዘጋው ሰው በየትኛው ሰዓት የትኛውን መስመር እንደሚዘጋ ያውቃልና። የሱ ዕውቀት ለምን የእኛም አይሆንም?

ደቡብ አፍሪካን ውሰዱ። የዚያ አገር ኃይል ኩባንያ ሙስናውም ብልሽቱም ዓለም ያወቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 ሕዝቡ በቀን ብዙ ሰዓት በጨለማ ያሳልፍ ነበር። ተራግሟል፣ ተሰልፏል፣ በምርጫም ተቆጥቷል። ነገር ግን ጨለማው ደረጃ ነበረው፤ ሰሌዳ ነበረው፤ የጆሃንስበርግ ነዋሪ ነገ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ሰፈሩ እንደሚዘጋ ስልኩን ከፍቶ ያይ ነበር። ምግቡን ቀድሞ ያበስላል፣ ልጁን ቀድሞ ያስጠናል። በብሪታንያ ደግሞ በመደበኛ የአየር ሁኔታ መስመር ተቋርጦ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየ አከፋፋዩ ኩባንያ ለደንበኛው ካሳ ይከፍላል። እዚያ ጨለማ ዋጋ አለው። ዋጋ ያለው ነገር ደግሞ ይቆጠራል፤ የሚቆጠር ነገር ይቀንሳል።

እኛ ዘንድ ጨለማ ነፃ ነው። ችግሩ በሙሉ እዚህ ጋ ነው። የአበባው መብራት ሰዓቱ የሚከበረው አበባ ከሰው ስለሚበልጥ አይደለም፤ ሰዓቱ ሲዛነፍ የሚከስር፣ ሲከስርም የሚጮህና የሚሰማ ሰው ስላለ ነው። የእናትየዋ ሌሊት ሲቆረጥ የሚከስር አለ፤ እሷው ናት። የሷ ኪሳራ ግን በማንም መዝገብ ላይ አይወርድም። ማጥፋት ለአጥፊው ምንም የማያስከፍለው ከሆነ፣ ሳይናገር ለማጥፋት ምን ይከለክለዋል? ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ቸልተኛ መሆን ይበቃዋል።

ክፍያው ግን ቀጠሮ አለው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ የሚሄድ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። የሚጨምርበት ወር አስቀድሞ ይታወቃል። ያልከፈለ ሰው መስመሩ መቼ እንደሚቆረጥም ይታወቃል። ሰሌዳ ማውጣት አንችልም የሚለው ክርክር እዚህ ጋ ፉርሽ ይሆናል፤ ይቻላል፣ ለሂሳብ መሰብሰቢያ ሲሆን። በታሪፉ መጨመር አላኮርፍም፤ ርካሽ መብራት ተቀብሎ ጨለማ ውስጥ ከመቀመጥ ትክክለኛ ዋጋ ከፍሎ ማግኘት ይሻላል። ዋጋው ከፍ ሲል ግዴታውም አብሮ ከፍ ይበል እንጂ።

ስለዚህ የምጠይቀው ከአበባው የበለጠ ነገር አይደለም። ሆን ተብሎ የሚዘጋ መስመር ሁሉ ከአንድ ቀን በፊት በሰፈር ስም፣ በሰዓት ተለይቶ ይነገር፤ በስልክ መልእክት፣ በወረዳው በር ላይ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ያልታሰበ ብልሽት ሲደርስ «እየተሠራ ነው» ከሚለው የዘለዓለም መልስ ይልቅ ምን እንደተበላሸና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ግምቱ ይነገር፤ ግምቱ ቢሳሳት ሰው ይቅር ይላል፣ ዝምታን ግን ይቅር አይልም። ጤና ጣቢያና የውሃ ፓምፕ ያለበት መስመር በመጨረሻ ይዘጋ፣ በመጀመሪያ ይከፈት። በፈተና ሰሞን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የመኖሪያ ሰፈር አይነካ። እያንዳንዱ መዘጋት ደግሞ ከሥሩ የፈቀደው ኃላፊ ስምና ፊርማ ይኑረው።

«ይህ ለእኛ አገር ገና ነው» የሚለኝ ካለ፣ እባክህ ወዳጄ ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ ወጣ በልና አንዱን የፕላስቲክ ቤት በሌሊት እየው። በእኛው አገር፣ በእኛው ምሰሶ፣ በእኛው ልጆች እጅ፣ ሰዓት ሲከበር ታያለህ። የእርሻው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የቴክኒክና ሙያ ተመራቂ የሰፈርህ ልጅ ነው። ሲጠየቅ ይሠራል። ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን እሱም በጨለማ በሩን ይዳብሳል። ሙያው አለን፤ የጎደለው ጠያቂው ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በየወሩ የሚደርሰን የመብራት ሂሳብ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደተጠቀምን እስከ ሳንቲሙ ይነግረናል። ከሥሩ አንዲት መስመር ይታከልበት፦ በዚህ ወር በዚህ ቤት መብራት ያልነበረበት ሰዓት ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ አስቀድሞ የተነገረው ይህን ያህል ነው። ካሳውም ሕጉም ከዚያ በኋላ ሊመጡ ይችላሉ። መጀመሪያ ቁጥሩን ጻፉልን። የበራውን እየቆጠራችሁ ታስከፍሉናላችሁና፣ ያጠፋችሁትንም ቁጠሩ።